የሰው ስሕተት ብቻውን 167 ሰው አይገድልም፦ ስለ ባሕር ላይ የነዳጅ መድረኮች ለተሰራጨው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በባሕር ላይ ስለሚተከሉ የነዳጅ ማምረቻ መድረኮች የሚያወሳ አንድ ረጅም ጽሑፍ ሰሞኑን በምሕንድስና ተማሪዎችና በባሕረ ሰላጤው አገራት በነዳጅ ሥራ ላይ በተሰማሩ ወገኖቻችን ዘንድ በስፋት ሲዘዋወር ሰንብቷል። አጻጻፉ ያማረ ነው፤ ጸሐፊው ስለ አደጋዎቹ እንዳነበቡም ያስታውቃል። እንዲህ ያለውን ጉዳይ በአማርኛ የሚያነሣ ሰው ጥቂት ስለሆነ ለድካማቸው ምስጋና ይገባቸዋል። የደረሱበት መደምደሚያ ግን፣ ነገ መድረክ፣ ማጣሪያ ወይም የጋዝ ማከማቻ የሚነድፍ ወጣት አምኖበት ቢሠራ ሰው ያስጨርሳል ብዬ ስለማምን ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

በመጀመሪያ ሐሳባቸውን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ዋናው ነጥባቸው ይህ ነው፦ ታላላቆቹ የመድረክ አደጋዎች ሲመረመሩ መነሻቸው ሁልጊዜ የሰው ስሕተት ሆኖ ይገኛል፤ ስለዚህ ገንዘቡም ድካሙም በሥልጠናና በዲሲፕሊን ላይ መዋል አለበት፤ በንድፍ ጊዜ የሚደረገው የስጋት ትንተና ጊዜ ማባከን ነው። ይህን የሚያጠናክሩባቸው አራት ነገሮች አሏቸው። «በ10,000 ዓመት አንዴ» እየተባለ የሚቀርበው ስሌት ግምት ሆኖ ሳለ ሒሳብ መስሎ የሚታይ ነው፤ የተሰላላቸው መድረኮችም ጠፍተዋል ይላሉ። ተፈትኖ የኖረ የንድፍ ደንብ መከተል በቂ ስለሆነ፣ እንግሊዞች ከ1992 ጀምሮ እያንዳንዱ ኩባንያ እንዲያቀርብ የሚያስገድዱት የደኅንነት ማረጋገጫ ሰነድ ማንም የማያነበው የወረቀት ክምር ነው ይላሉ። ይህ ሁሉ ወጪ ነዳጅ ማውጣት ገና ለጀመሩ ድሃ አገሮች ቅንጦት ነው ይላሉ። በመጨረሻም የጉዳት መዝገቡ ንጹሕ የሆነ ኩባንያ ደኅንነቱን በተግባር ስላስመሰከረ ሌላ ትንተና አያሻውም ይላሉ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱን ግን በእኛ ልማድ ነው የቆጠርኩት።

ከዋናው ነጥብ ልጀምር፤ ያውም ጸሐፊው ራሳቸው በጠሩት ምስክር፣ በፓይፐር አልፋ።

ፓይፐር አልፋ ከስኮትላንዷ አበርዲን በስተሰሜን ምሥራቅ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሰሜን ባሕር ላይ የቆመ መድረክ ነበር። ጁላይ 6 ቀን 1988 ሌሊት ተቃጥሎ 167 ሰው አለቀ፤ 165ቱ በመድረኩ ላይ የነበሩ፣ 2ቱ ደግሞ ሰው ሊያድኑ በጀልባ የደረሱ። ጸሐፊው የተረኩት የስሕተቱ ታሪክ ትክክል ነው። ፈሳሽ ጋዝ ከሚገፉት ሁለት ፓምፖች የአንደኛው የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ለምርመራ ቀን ላይ ተፈታ። ክፍተቱ በመድፈኛ ብረት ተሸፈነ፤ መድፈኛው ግን ጋዝ እንዳያሳልፍ ሆኖ አልጠበቀም። ሥራው ሳያልቅ የፈረቃ ሰዓት ደረሰ፤ በሥራ ፈቃዱ ወረቀት ላይ ያለው መልእክት ለማታው ፈረቃ በወጉ አልተላለፈም። ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ45 ገደማ ሁለተኛው ፓምፕ ቆመ፤ የማታዎቹ ሠራተኞች ቫልቭ የጎደለውን አስነሡ። ጋዝ አፈተለከ፤ 4 ሰዓት ላይ ፈነዳ። እስከዚህ ድረስ ነገሩ የሰው ስሕተት ነው፤ አልከራከርም።

ጸሐፊው ትረካቸውን የሚያቆሙት እዚህ ላይ ነው። የሰው እልቂት የጀመረው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ፍንዳታው ወዲያው የገደለው ጥቂት ሰው ነው፤ በመድረኩ ላይ ከነበሩት 226 ሰዎች አብዛኞቹ ከፍንዳታው በኋላም በሕይወት ነበሩ። ምን ገደላቸው? መድረኩ በ1976 ሥራ ሲጀምር የተነደፈው ለዘይት ነበር። ጋዝ የሚያዘጋጀው መሣሪያ በኋላ ሲጨመር የጋዝ መጭመቂያው ክፍል ከመቆጣጠሪያው ክፍል አጠገብ ዋለ። በክፍሎቹ መካከል የነበሩት ግድግዳዎች እሳትን ለማቆየት የተሠሩ ስለነበሩ የፍንዳታን ግፊት አልቻሉም፤ ተሰባበሩ፤ በቀጣዩ ክፍል የዘይት ቱቦዎች ተቆረጡና ዘይቱ ተያያዘ። መቆጣጠሪያ ክፍሉ በአንድ ምት ከጥቅም ውጪ ሆነ። የእሳት ማጥፊያው ፓምፖች በውኃ ውስጥ የሚሠሩ ጠላቂዎችን እንዳይስቡ ተብሎ በራሳቸው ከመነሣት ታግደው ነበር፤ ሄዶ በእጅ ለማስነሣት ደግሞ እሳቱ መንገድ ዘጋ። የሠራተኞቹ መኖሪያ ከምርት ክፍሎቹ በላይ ስለነበር ጭሱ በቀጥታ ወደ እርሱ ወጣ።

የባሰው ገና ነበር። ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ20 ገደማ፣ ከጎረቤቱ ታርታን መድረክ ጋዝ ያመጣ የነበረው ወፍራም ቱቦ በሙቀት ብዛት ተተረተረ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሌላ የጋዝ ቱቦ ተከተለው። እነዚህ ቱቦዎች በባሕሩ ወለል ላይ ኪሎ ሜትሮች ተጉዘው የሚመጡ፣ በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ጋዝ የሞላባቸው ናቸው። ከመድረኩ ርቆ ባሕር ወለሉ ላይ የሚዘጋቸው ቫልቭ አልነበረም። ስለዚህ የፓይፐር አልፋ ሠራተኞች የራሳቸውን መሣሪያ በሙሉ ቢዘጉ እንኳ እሳቱን የሚመግበው ጋዝ ከሌላ ቦታ እየመጣ ነበር፤ ጎረቤት መድረኮቹም ወዲያው ማምረት አላቆሙም።

ከተገኙት አስከሬኖች የአብዛኞቹ የሞት ምክንያት ጭስ ነበር። ብዙዎቹ የሞቱት መመሪያው እንደሚያዘው በመኖሪያው ተሰብስበው፣ በጭሱ ምክንያት ማረፍ ያልቻለውን ሄሊኮፕተር ሲጠብቁ ነው። ከተረፉት 61 ሰዎች ብዙዎቹ የዳኑት መጠበቁን ትተው በገመድ በመውረድ ወይም ወደ ባሕር በመዝለል ነው። ዲሲፕሊን ይበቃል ለሚሉት ጸሐፊ ከዚህ የከበደ መልስ የለኝም። በዚያ ሌሊት የታዘዘውን የፈጸመው ሰው ሞተ፤ የታዘዘበት ቦታ መሸሸጊያ እንዲሆን ሆኖ አልተነደፈም ነበርና።

በአገራችን ማድ ቤት ከዋናው ቤት ራቅ ብሎ የሚሠራው የምታበስለዋን ሴት ጥንቃቄ ስለሚጠራጠሩ አይደለም። እሳት ባለበት ቦታ አንድ ቀን ስሕተት እንደሚኖር ታውቆ፣ በዚያ ቀን የተኙት እንዳይቃጠሉ ነው። የስጋት ትንተና በንድፍ ጊዜ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ስሕተቱ ሲመጣ ማን የት ተኝቶ ይጠብቀዋል?

ፓይፐር አልፋ ብቻውን የተለየ ጉዳይ ነው እንዳይባል ሙምባይ ሃይን ልጨምር። ጁላይ 27 ቀን 2005 ከሕንድ ምዕራባዊ ጠረፍ ወዲያ ባለው የሙምባይ ሃይ ሰሜን መድረክ አጠገብ በነበረ አንድ የአገልግሎት መርከብ ላይ ምግብ አብሳዩ እጁን ይጎዳል። ለሕክምና በክሬን ወደ መድረኩ እንዲነሣ መርከቡ ሲጠጋ ማዕበሉ አነሣውና ከባሕር ወለል ጋዝ ይዘው የሚወጡትን ቱቦዎች መታ። ጋዙ ተቀጣጠለ፤ ግዙፉ መድረክ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ጠፋ። 362 ሰዎች ሲድኑ 22 ሞቱ። መርከቡን ያስጠጋው ሰው ተሳስቷል ብለን እንቀበል። ግን ማዕበል ባለበት ባሕር መርከብ አንድ ቀን መድረክ መንካቱ የታወቀ ነገር ነው። ጋዝ የተሸከሙትን ቱቦዎች መርከብ በሚጠጋበት ወገን፣ በቂ መከላከያ ሳይበጅላቸው ወደ ውጪ የተዋቸው ካፒቴኑ አይደለም።

አሌክሳንደር ኪላንድ ደግሞ የጸሐፊውን ነጥብ ከሥሩ ይነቅለዋል። ማርች 27 ቀን 1980 በሰሜን ባሕር የኖርዌይ ክልል የሠራተኞች ማደሪያ ሆኖ ያገለግል የነበረው ይህ ተንሳፋፊ መድረክ በ20 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ተገለበጠ፤ ከ212 ሰዎች 123ቱ ሞቱ። በዕለቱ የተሳሳተ ሰው አልነበረም። አምስት እግሮች ከነበሩት ከዚህ መድረክ የአንዱን እግር ማሰሪያ ብረቶች ከመረመሩት ሰዎች የተገኘው፣ የድምፅ መቀበያ መሣሪያን ለመያዝ በተበየደች አነስተኛ ቁራጭ ብረት ዙሪያ የጀመረ ስንጥቅ ነው። የብየዳው ውፍረት 6 ሚሊ ሜትር ነበር። ማዕበሉ በየቀኑ ብረቱን ሲያጥፍና ሲዘረጋው ስንጥቁ አደገ፤ አንዱ ማሰሪያ ተበጠሰ፤ ሸክሙ የዞረባቸው ሌሎቹ ተከታትለው ተበጠሱ፤ እግሩ ሄደ፤ መድረኩ ተንጋደደ። ብየዳው መጥፎ ነበር፤ እውነት ነው። ዋናው ሕመም ግን መድረኩ አንዲት ማሰሪያ ብታጣ እግር፣ እግር ቢያጣ ነፍስ እንዲያጣ ሆኖ መነደፉ ነው። ከዚያ በኋላ ኖርዌጂያውያን የጠየቁት የበለጠ የታረመ በያጅ ብቻ አይደለም። አንድ ክፍል ተጎድቶም ቀሪው ሰው እስኪወጣ ድረስ እንዲቆም የሚያስገድድ የንድፍ መስፈርት አበጁ። ጸሐፊው ለዚህ አደጋ ማንን ያሠለጥኑ ነበር?

ወደ ቁጥሮቹ ልምጣ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ትክክል የሆኑበት ብዙ ነገር አለ። የስጋት ስሌት ከዚህ በፊት በተመዘገቡ የመፍሰስ፣ የመቀጣጠልና የመጋጨት መረጃዎች ላይ ይቆማል፤ መረጃው ባነሰበት የስሌቱ የስሕተት ክልል ይሰፋል። የሚፈለገው መልስ እስኪወጣ ግምቱን የሚያሻሹ ሰዎችም አሉ። ከዚህም የከፋ አለ፦ ፓይፐር አልፋ ከመንደዱ በፊት ለኩባንያው የቀረበ አንድ ጽሑፍ፣ ከትልቅ የጋዝ ክምችት የሚመገብ እሳት ቢነሣ የመድረኩ አካል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ ሊከዳ እንደሚችል አስጠንቅቆ ነበር። የመከሰት ዕድሉ ዝቅተኛ ነው ተብሎ ታለፈ። ቁጥር ጥያቄን ለመዝጋት ሲውል ሰው ይገድላል፤ ይህን ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ።

ነገር ግን «በ10,000 ዓመት አንዴ» የሚለውን የተረዱበት መንገድ ስሕተት ነው። እርሳቸው «በእኛ ዕድሜ አይደርስም» ማለት አድርገው ነው የወሰዱት፤ ቀጥሎም ደረሰ ብለው ስሌቱን ውሸት ይሉታል። የስሌቱ ትርጉም፣ በየትኛውም አንድ ዓመት የመድረሱ ዕድል ከ10,000 አንድ ነው ማለት ነው። ዛሬ ማታም ሊሆን ይችላል። አንድ መድረክ 30 ዓመት ቢሠራ ዕድሉ ከ1,000 ወደ 3 ይጠጋል። 1,000 እንዲህ ያሉ መድረኮች ቢኖሩ ደግሞ በአማካይ በየ10 ዓመቱ አንዱ ላይ መድረሱን ስሌቱ ራሱ ይነግረናል። ስለዚህ አንድ አደጋ ደረሰ ማለት ስሌቱ ፈረሰ ማለት አይደለም። ኖርዌጂያውያን በ1981 ባወጡት የንድፍ መመሪያ ይህን ቁጥር ያስቀመጡት ለትንቢት አልነበረም። የመድረኩን ዋና የመዳኛ አቅሞች፣ ማለትም የማምለጫ መንገዱን፣ መጠለያውንና ተሸካሚውን አካል ከጥቅም ውጪ የሚያደርግ የአደጋ ዓይነት ከዚህ ዕድል በላይ ከሆነ ንድፉ እንዲለወጥ ለማስገደድ ነው።

የቁጥሩ ትልቁ ጥቅም ደግሞ ሁለት ንድፎችን ማወዳደር ነው። መኖሪያውን በጋዝ መጭመቂያው ራስ ላይ ማድረግና በድልድይ በተያያዘ ሌላ መድረክ ላይ ማድረግ ጎን ለጎን ሲሰሉ፣ የመነሻ ግምቱ በእጥፍ ቢሳሳት እንኳ የትኛው እንደሚሻል ብዙ ጊዜ አይለወጥም። ስሌቱ ከየት በኩል ትልቁ ስጋት እንደሚመጣም ያሳያል፤ ገንዘቡ የት እንደሚውል የሚወሰነው በዚያ ነው።

የተሰላላቸው መድረኮች ጠፍተዋል ለሚለው፣ ጸሐፊው ያልጠቀሱትን፣ ለእርሳቸው የሚያግዝ ጠንካራ ምሳሌ እኔው ላንሣ። ኦገስት 23 ቀን 1991 የስሌይፕነር ኤ መድረክ የኮንክሪት መሠረት በኖርዌይ ስታቫንገር አጠገብ ለሙከራ ውኃ ውስጥ ዝቅ ሲደረግ ግድግዳው ተሰንጥቆ ሙሉው ሰጠመ። ምክንያቱ በኮምፒውተር የተሠራው የጥንካሬ ስሌት በግድግዳዎቹ መጋጠሚያ ላይ የሚያርፈውን የመቁረጥ ኃይል በ47 በመቶ አሳንሶ መገመቱ፣ እዚያው ላይ የነበረው የብረት አቀማመጥም ጉድለት ያለበት መሆኑ ነው። ሰው አልሞተም። ያ ትምህርት ወዴት መራ? መሐንዲሶቹ ስሌትን አልተዉም። ኮምፒውተሩን በእጅ ስሌት እየተቆጣጠሩ አዲስ መሠረት ነደፉ፤ መድረኩ በ1993 ማምረት ጀመረ። ለተሳሳተ ስሌት የተገኘው መድኃኒት የተሻለ ስሌትና ሁለተኛ ዓይን ነበር።

የጸሐፊው ምርጫ ላይ ሌላም ችግር አለ፤ የቆጠሩት የወደቁትን ብቻ ነው። ማርች 25 ቀን 2012 በሰሜን ባሕር ኤልጂን ከተባለ መስክ ከአንድ ጉድጓድ ጋዝ ያፈተልክ ጀመር። መፍሰሱ ከሰባት ሳምንት በላይ ቆየ። በመድረኩና አጠገቡ በነበረው የመቆፈሪያ ሪግ ላይ የነበሩት 238 ሰዎች ሁሉም በሰላም ወጡ፤ ጋዙም አልተቀጣጠለም። ነፋሱ ጋዙን ከሚነደው የጋዝ ማቃጠያ ማራቁ ዕድል ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ግን የጉድጓዶቹ መድረክ ከመኖሪያውና ከምርት መድረኩ በድልድይ ተለይቶ መቆሙ ዕድል አልነበረም። አንድ ሰው ወረቀት ላይ ያሰመረው ርቀት ነው። እንዲህ ያለው ቀን ሰው ስላልሞተበት በዜና አይደጋገምም፤ በጸሐፊው ዝርዝርም አልገባም።

ደንብ ይበቃል ወደሚለው ስሄድ ደግሞ ከመስማማት ልነሣ። የደኅንነት ሰነዶች በእርግጥ ወደ ወረቀት ክምር ሊለወጡ ይችላሉ። ሴፕቴምበር 2 ቀን 2006 አፍጋኒስታን ላይ ተቃጥሎ 14 ሰው የገደለው የእንግሊዝ ኒምሮድ አውሮፕላን የደኅንነት ማረጋገጫ ሰነድ ነበረው። በ2009 የወጣው ነጻ ምርመራ ያን ሰነድ ክፉኛ ነቅፎታል፤ ያዘጋጁት ሰዎች አውሮፕላኑ ደኅና ነው ብለው አስቀድመው ደምድመው ነበር። በነዳጅ ሥራም ከአንዱ መድረክ ወደ ሌላው ተገልብጦ የሚቀርብ ሰነድ ያጋጥማል። ጸሐፊው በዚህ ቢቆጡ ቁጣቸው የእኔም ነው።

ከዚያ ወደ «ደንቡ ይበቃል» መሻገራቸው ግን አይያያዝም። ደንብ የሚጻፈው ትናንት ከደረሰው ነው። የፓይፐር አልፋ ግድግዳዎች በዘመኑ ይጠየቅ የነበረውን የእሳት መከላከል አሟልተዋል፤ ፍንዳታውን የጠየቀ አልነበረም። የፓይፐር አልፋን አደጋ የመረመሩት ዳኛ ሎርድ ከለን በ1990 ባወጡት የምርመራ ውጤት 106 ምክሮች ያቀረቡትና የደኅንነት ቁጥጥሩ ምርትን ከሚያበረታታው መሥሪያ ቤት እንዲወጣ ያሳሰቡት ለዚህ ነው። ኩባንያው «ደንቡ ያዘዘኝን አሟልቻለሁ» ብሎ እንዳያመልጥ፣ የራሱን መድረክ ልዩ አደጋዎች ራሱ ፈልጎ፣ ሰዎቹ የት ተጠልለው ስንት ጊዜ እንደሚቆዩና እንዴት እንደሚወጡ እንዲያስረዳ ግዴታ ተጣለበት።

ደንብ የማያየው ነገር ምን እንደሚመስል የብራዚሉ ፒ-36 ያሳያል። በሮንካዶር መስክ የነበረው ይህ ተንሳፋፊ መድረክ በአንደኛው ግዙፍ ምሰሶው ውስጥ የአደጋ ጊዜ ማጠራቀሚያ ታንክ ነበረው። ታንኩ ለጊዜው ከሥራ ውጪ ሆኖ ማስተንፈሻው ተደፍኖ ነበር። ሌላኛውን ታንክ ባዶ ለማድረግ ፓምፕ ሲነሣ፣ በደንብ ባልዘጋ ቫልቭ በኩል ዘይትና ውኃ ወደ ተደፈነው ታንክ ገባ። ማርች 15 ቀን 2001 ታንኩ በግፊት ፈነዳ፤ የባሕር ውኃ ቱቦ ተሰብሮ ምሰሶው ይሞላ ጀመር፤ ጋዙም ወደ ላይ ወጣ። ደቂቃዎች ቆይቶ የደረሰው ሁለተኛ ፍንዳታ ሊያጠፉ የሄዱትን የእሳት አደጋ ሠራተኞች ገደለ። 11 ሰው ሞተ፤ መድረኩ ከአምስት ቀን በኋላ ሰጠመ። ታንክ መኖሩ ደንብ ነው፤ ቫልቭ መኖሩ ደንብ ነው፤ ማስተንፈሻን ለጥገና መድፈንም የተለመደ ነው። የገደለው የሦስቱ መገናኘት ነው። የተለያየ ሙያ ያላቸው ሰዎች ንድፉን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ቱቦ በቱቦ «ፍሰቱ ቢጨምርስ? ቢቆምስ? ወደ ኋላ ቢመለስስ? ይህ ቫልቭ ተዘጋ ብለን ባይዘጋስ?» እያሉ የሚጠያየቁበት አሠራር የተፈጠረው እንዲህ ያለውን ግንኙነት ለማግኘት ነው። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ሳምንታት ይወስዳል። ጸሐፊው ጊዜ ማባከን ያሉት ይህንን ነው።

ስለ ወጪው ረጅም ማለት አያስፈልገኝም። ውድ የሆኑ ነገሮች እንዳሉ አልክድም፤ ባሕር ወለል ላይ የሚቀመጥ መዝጊያ ቫልቭ ተገዝቶ ብቻ አያበቃም፤ ዕድሜ ልኩን መፈተሽና መጠገን ይፈልጋል። ነገር ግን መኖሪያው ከነፋሱ በየት በኩል ይሁን፣ የነፍስ አድን ጀልባዎቹ ከጉድጓዶቹ ስንት ይራቁ፣ ቱቦዎቹ በየትኛው እግር ይውጡ የሚሉት ጥያቄዎች ገና በወረቀት ላይ ሲመለሱ የሚያስወጡት እርሳስና ጊዜ ነው። ብረቱ ከተበየደ በኋላ ሲመለሱ ግን ሚሊዮኖች ይበላሉ። ወጪ ያስፈራው ሰው ትንተናውን ወደፊት ማምጣት እንጂ መሰረዝ አይጠቅመውም። ድሃ አገር ትልቅ አደጋን የመሸከም አቅሙ ከሀብታም ያነሰ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። በ2010 የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ አደጋ የእንግሊዙ የነዳጅ ኩባንያ ቢፒ ከ60 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ቆሟል። የትኛው አዲስ ነዳጅ አምራች አገር ነው ይህን የሚችለው? ናይጄሪያ ባሕር ላይ ትሪኒቲ ስፒሪት የተባለው ያረጀ የዘይት ማጠራቀሚያ መርከብ በፌብሩዋሪ 2022 ፈንድቶ ሲሰጥም በላዩ ከነበሩት 10 ሠራተኞች ሕይወታቸውን ያጡ ነበሩ። በርካሽ የሚሠራ ሥራ ዋጋውን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ውሳኔው ላይ ያልነበረ ሰው ነው።

የቀረው የጉዳት መዝገቡ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝም እርሱ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ኃላፊዎች ከልባቸው ያምኑታል። ኤፕሪል 20 ቀን 2010 ከኩባንያዎቹ ኃላፊዎች የተወሰኑት፣ ከላይ ያነሣሁት የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ አደጋ በደረሰበት የጉድጓድ መቆፈሪያ፣ በዲፕዎተር ሆራይዘን ላይ ተገኝተው ነበር። መቆፈሪያው ለሰባት ዓመታት ሠራተኛን ከሥራ የሚያስቀር ጉዳት ሳያደርስ በመቆየቱ ሊያመሰግኑም ነበር የመጡት። በዚያው ሌሊት 11 ሰው ሞተ፤ ከሁለት ቀን በኋላ መቆፈሪያው ሰጠመ፤ ጉድጓዱ ለ87 ቀናት ዘይት አፈሰሰ። መዝገቡ ውሸት አልነበረም። የሚለካው ግን መንሸራተትን፣ ጣት መቆረጥን፣ ከመሰላል መውደቅን ነው። ሰው የራስ ቁር ማድረጉ ሲሚንቶው ጉድጓዱን በትክክል መድፈኑን አይነግርህም። በዚያ ሌሊት የግፊት ፈተናው ውጤት በስሕተት ተተረጎመ፤ ይህን ለጸሐፊው እተዋለሁ። ነገር ግን የመጣው ጋዝ ወደ ባሕሩ ከመጣል ይልቅ እዚያው መቆፈሪያው ላይ ወደሚያስተነፍሰው ማጣሪያ ተመራ። አጠቃላይ ማስጠንቀቂያው ሐሰተኛ ደወል ሰው ከእንቅልፍ እንዳይቀሰቅስ ተብሎ በራሱ እንዳይጮኽ ተደርጎ ነበር። የመጨረሻ ተስፋ የነበረው የጉድጓድ መዝጊያም የታጠፈውን ቱቦ ቆርጦ መዝጋት አልቻለም።

ጸሐፊው አንድ መድረክ ደኅና መሆኑን በቁጥር ማወቅ ከፈለጉ የሚጠየቁ ሌሎች ቁጥሮች አሉ። ባለፈው ዓመት ሳይቀጣጠል ያለፈው የጋዝ መፍሰስ ስንት ጊዜ ነበር? የአደጋ ጊዜ መዝጊያ ቫልቮቹ ሲሞከሩ በስንት ሰኮንድ ዘጉ? ስንቱስ ሳይዘጋ ቀረ? ጊዜው አልፎበት ያልተሠራ የደኅንነት መሣሪያ ጥገና ስንት ነው? ታግዶ ያለ ማስጠንቀቂያ አለ? ማን አገደው? እስከ መቼ? መድረኩ ከተነደፈ በኋላ የተጨመረ መሣሪያ ካለ፣ ሲጨመር የመጀመሪያው ትንተና እንደገና ተከፍቷል ወይ? በፓይፐር አልፋ ጋዝ ሲጨመር ይህ የመጨረሻው ጥያቄ በሚገባው ጥልቀት አልተጠየቀም።